ቤተ መዘክርና ባዶው ማኅደር

«በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ሲሉ አበው የተናገሩት ስለ ወርቅ ብቻ አይመስለንም። ሰው በየቀኑ የሚያየውንና የሚነካውን፣ በወላጆቹ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያገኘውን ዕቃ ዋጋውን ሳይመረምር ይኖራል፤ ዋጋውን የሚረዳውም ብዙ ጊዜ ዕቃው ከእጁ ከወጣ በኋላ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው የራሳችን ታሪክ ከዚህ ምሳሌ የራቀ አይደለም። እኛ በምሥራቅ ጎጃም በሉማሜ ከተማ ተወልደን ያደግን ሦስት የአንድ እናት ልጆች ነን፤ አንዳችን በመምህርነት፣ አንዳችን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊነት፣ ሦስተኛችንም በእህል ንግድ ኑሯችንን እንመራለን። የምንጽፈውም በሦስታችን ስም ነው፤ ጥፋቱ የሦስታችን ነበርና።

ቤተ መዘክር የሚባለውን ነገር ለረጅም ጊዜ የምናውቀው በስም ብቻ ነበር። በአሳባችን የነገሥታት ዘውድና ዙፋን፣ የጀግኖች ጋሻና ጎራዴ የሚቀመጥበት፣ የውጭ አገር ጎብኚዎች የሚመላለሱበት፣ በዋና ከተማ ብቻ የሚገኝ ታላቅ ሕንፃ ነበረ። የእኛ የገበሬ ልጆች ቤት ከዚያ ጋራ የሚያገናኘው ነገር ይኖራል ብለን ከቶ አስበን አናውቅም። ይህን አሳባችንን ያስለወጡን ፊደል ያልቆጠሩት እናታችን ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እናታችን ዓይናቸውን ታመው ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ወሰድናቸው። ጊዜው የክረምት ዕረፍት ስለ ነበረ ልጆቻችንንም ይዘን ሄድን። ከሉማሜ ተነሥቶ፣ በደጀን በኩል ወደ ዐባይ በረሃ ወርዶ፣ በጎሐ ጽዮን ወጥቶ አዲስ አበባ ለመድረስ መንገዱ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሕክምናው ከተፈጸመ በኋላ ሐኪሙ ጥቂት ቀናት እንድንቆይ ስለ አዘዘን፣ ልጆቹም ቤት ውስጥ መቀመጥ ስለ ሰለቻቸው፣ በአንድ ቅዳሜ ቀን እናታችንንም ልጆቹንም ይዘን ቤተ መዘክር ለማየት ወጣን።

መጀመሪያ የገባነው ወደ ብሔራዊ ቤተ መዘክር ነው። በዚያም ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ. ም. በአፋር ምድር ሐዳር በተባለው ሥፍራ የተገኘችውን፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቈጠረችውን የድንቅነሽን አጽም አምሳያ አየን። ልጆቹ ቁመቷ ከእነርሱ ቁመት የማይበልጥ መሆኑን አይተው ተደነቁ። እናታችን ግን ጥቂት ዝም ብለው ከተመለከቱ በኋላ፣ «ስንት ልጅ ወልዳ ይሆን?» ብለው ጠየቁን። የምንመልሰው አልነበረንም። ዘመኑ ስንት ሚሊዮን እንደ ሆነ ብንነግራቸውም ይህ ብዙ አላስጨነቃቸውም፤ እርሳቸው የፈለጉት ቤተ ሰቧን ማወቅ ነበር።

ከዚያ ከአምስት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ወጥተን፣ በዩኒቨርሲቲው ቅጥር ግቢ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክር ገባን። ሕንፃው ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ ከ1953 ዓ. ም. የታኅሣሥ ግርግር በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት፤ ተቋሙም በ1955 ዓ. ም. ተመሠረተ። ልጆቹን ደስ ያሰኛቸው የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት ነበር። እኛን ያስገረመን ግን ዕቃዎቹ የተደረደሩበት ሥርዓት ነው። ይኸውም የሰው ልጅ ከልደቱ ጀምሮ፣ በልጅነትና በጕልምስና አልፎ፣ እስከ ሞቱ የሚሄድበትን መንገድ የሚከተል ነው። ንጉሥም ሆነ ገበሬ የማያመልጠው መንገድ ስለ ሆነ፣ ከየትኛውም ጎጆ የመጣ ሰው በዚያ አዳራሽ ውስጥ የራሱን ቤት ሳያገኝ አይወጣም።

እናታችንም ቤታቸውን አገኙ። በሕክምናው ምክንያት አንድ ዓይናቸው ገና በጨርቅ እንደ ተሸፈነ፣ በመስታወቱ ላይ ግንባራቸውን አስጠግተው፣ «ይኸማ እንዝርት ነው! ማን አመጣው?» አሉ። ከልጆቻችን ትንሿ፣ «እማማ፣ አንቱ በዚህ ይሠሩ ነበር?» ብላ ጠየቀቻቸው። እርሳቸውም ጥጡ እንዴት እንደሚዳመጥ፣ በደጋን እንዴት እንደሚነደፍ፣ ባዘቶው እንዴት እንደሚጠቀለል፣ ለአንድ ጋቢ የሚሆን ድር ተፈትሎ እስኪያልቅ ስንት ሌሊት በኩራዝ ብርሃን እንደሚቀመጡ በጣታቸው እያሳዩ አስረዷት። በአጠገባችን የነበሩ ሌሎች ጎብኚዎችም ልጆቻቸውን ይዘው ተጠጉ። ከግድግዳው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ የዕቃውን ስምና የመጣበትን አገር ይናገራል፤ ጽሑፉ የማይችለውን፣ የእንዝርቱን ድምፅና የፈታይዋን ድካም የተናገሩት ግን እናታችን ነበሩ። ልጆቻችን አያታቸውን እንደ አስተማሪ ሲመለከቷቸው ያን ቀን የመጀመሪያ ጊዜ ይመስለናል። እኛም ስለ ራሳችን ማፈራችን አልቀረም፤ ከእርሳቸው ጋራ ይህን ያህል ዘመን ኖረን፣ ይህን ሁሉ አንድ ቀን ጠይቀናቸው አናውቅም ነበርና።

ወደ ላይኛው ፎቅ በወጣን ጊዜ ግን ነገሩ ተለወጠ። ከሥዕሎቹና ከመስቀሎቹ አጠገብ የተገለጠ የብራና መጽሐፍ ነበር። እናታችን ቆሙ። ብዙ ከተመለከቱም በኋላ፣ «ማኅደሩስ የት አለ?» ብለው ጠየቁ። በመስታወቱ ውስጥ መጽሐፉ ብቻ ስለ ነበረ የምንመልሰው አጣን። ከዚያ በኋላ እስክንወጣ ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩም። ለልጆቹ «እማማ ደክሟቸዋል» አልናቸው፤ ለምን ዝም እንዳሉ ግን ልባችን ያውቅ ነበር። ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ አውቶቡሱ የዐባይን ጠመዝማዛ መንገድ ሲወጣ፣ ከልጆቹ አንዱ «ሉማሜ ለምን ቤተ መዘክር የለም?» ሲል ጠየቀን። እኛም ልማድ ሆኖብን፣ «ቤተ መዘክር የሚሠራው ታላቅ ነገር ባለበት ነው» ብለን መለስንለት። በደብረ ማርቆስ በ1873 ዓ. ም. የጎጃም ንጉሥ ተብለው የነገሡት የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት አለ፤ በጣና ደሴቶች የጥንት ገዳማት ዕቃ ቤቶች አሉ፤ በእኛ ከተማ ግን ሜዳና ገበያ፣ ጤፍና ስንዴ እንጂ ምን አለ? ልጁ ግን ያልተማረ መልስ መስማቱን ዐውቆ ይመስላል፣ «የእማማ እንዝርት አለ» አለን።

ይህ መልስ ከአእምሯችን አልጠፋ ስላለ፣ ከእኛ መካከል መምህር የሆነው ስለ ቤተ መዘክር አሠራር ያገኘውን ሁሉ ማንበብ ጀመረ። በስዊድን አገር በስቶክሆልም ከተማ አርተር ሃዜልዩስ የተባለ ሰው እ. ኤ. አ. በ1891 ስካንሰን የተባለውን የሜዳ ቤተ መዘክር እንደ ከፈተ አነበብን። ይህ ሰው የፋብሪካ ሥራ የገጠሩን ኑሮ ሲለውጠው አይቶ፣ የገበሬዎችን ቤቶች ከነዕቃቸው ከየአገሩ እያነሣ በአንድ ኮረብታ ላይ ተከላቸው፤ ሰዎችም በውስጡ የጥንቱን ሥራ እየሠሩ ለሕዝብ እንዲያሳዩ አደረገ። ከሩቅ አገር ምሳሌ ይልቅ የልብ ልብ የሰጠን ግን የራሳችን አገር የሐረር ነው። አብዱላሂ ሸሪፍ የተባሉ የከተማዋ ተወላጅ የሐረርን ሕዝብ የብራናና የወረቀት መጻሕፍት፣ ጌጣ ጌጥ፣ የቤት ዕቃና የዘፈን ቅጂ ሲሰበስቡ ኖረው፣ በመጀመሪያ በራሳቸው መኖሪያ ቤት፣ በኋላም የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ሕንፃ ለሕዝብ አሳይተዋል። እንግዲህ ቤተ መዘክር የሚጀምረው ከሕንፃ ሳይሆን፣ «ይህ አይጥፋ» ብሎ ከሚነሣ ሰው መሆኑን ተረዳን።

ግንቦት 10 ቀን በየዓመቱ የዓለም የቤተ መዘክር ቀን ሆኖ የሚታሰብ ነው፤ መታሰብ የጀመረውም በ1969 ዓ. ም. ነው። ወንድማችን በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ያሉ መምህራን ተመካክረው፣ ከዚህ ቀን ጋራ የተያያዘ የሁለት ቀን ትርዒት በአንድ ሰፊ ክፍል ውስጥ ለማዘጋጀት ተስማሙ። ገንዘብ አልነበረም፤ መስታወትም አልነበረም። የነበረው ሥርዓት አንድ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ አንድ የቆየ ዕቃ ያመጣል፤ ከዕቃውም ጋራ አራት ነገር ጽፎ ያቀርባል። እነርሱም የዕቃው ስም፣ ያገለገለበት ሥራ፣ ይሠራበት የነበረው ሰው፣ ይህንንም የነገረው ሰው ማን እንደ ሆነ ናቸው። የነገረውም ሰው በትርዒቱ ቀን ከዕቃው አጠገብ እንዲቆም ይጋበዛል። በዚህ ምክንያት ትርዒቱ የዕቃ ብቻ ሳይሆን የአያቶችም ትርዒት ሆነ።

ያ ክፍል የሞላውን ዕቃ ሁሉ መዘርዘር አንባቢን ያሰለቻል፤ ጥቂቱን ግን እንጥቀስ። ሞፈርና ቀንበር ከነእርፉ፣ ከነድግሩና ከነወገሉ፤ የዝናብ ገሳ፤ ከቆዳ የተሠራ አቁማዳ፤ የእህል መስፈሪያ ቁና፤ መንገደኛ ስንቁን የሚይዝበት አገልግል፤ ጋንና እንስራ፤ ከእንጨት የተፈለፈለ ገበጣ፤ የፈትል ዕቃ ከነሙሉው። አንድ ሽማግሌ በ1971 ዓ. ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማንበብና መጻፍ ተምረው የተቀበሉትን የምስክር ወረቀት፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ እንደ ኖረ ይዘው መጡ፤ በአጠገቡም ደረታቸውን ነፍተው ቆሙ። ዘውድ የለም፤ ዙፋን የለም። ነገር ግን ይህች አገር የበላችው እንጀራ የተገኘው በእነዚህ መሣሪያዎች ነው።

ቀኑም የዝምታ ቀን አልነበረም። በግቢው ውስጥ እናቶች ከሴት ልጆቻቸውና ከወንድ ልጆቻቸው ጋራ ተቀምጠው ጥጥ ያዳምጡ፣ ይነድፉ ነበር። አባቶች ከልጆቻቸው ጋራ ሆነው የሞፈርና የቀንበርን ክፍሎች ፈተው እንደ ገና እንዲገጥሙ ውድድር ተደረገ፤ ያሸነፈውም አባት ሳይሆን፣ አያቱ ያስጠኑት የ9 ዓመት ልጅ ነበር። ከዛፍ ሥር ገበጣ የሚጫወቱ፣ እንቆቅልሽ የሚጠያየቁ፣ ተረት የሚያወሩ ነበሩ። ለገበያ የወጣው ባላገር ሳይቀር በሬውን አስሮ እየገባ፣ «ይኸንማ እኛ ዛሬም እናርስበታለን» እያለ ይስቅ ነበር።

ስለ ጥንት ዕቃ ሲነገር ያለፈው ሁሉ መልካም ነበረ ማለት እንዳልሆነ ያስተማሩንም እናታችን ናቸው። ወፍጮና መጁ ፊት በደረሱ ጊዜ አንዲት ወጣት መምህርት፣ «የወፍጮው ነገር መቅረቱ ያሳዝናል አይደለም?» ብትላቸው፣ «ይኸ ወገቤን የበላ ነው፤ እዚሁ ይቀመጥ፤ ወደ ቤት አትመልሱት» አሏት። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። እውነታቸውን ነው። በሌሊት ተነሥታ በድንጋይ እህል የፈጨች ሴት የሞተር ወፍጮ ሲመጣ እፎይ ብላለች። ቤተ መዘክር የሚያስፈልገው ድካሙን ለመመለስ ሳይሆን ማን እንደ ደከመ እንዳይረሳ ነው።

እንግዲህ ወደ ኋላ እንመለስበታለን ያልነው ነገር ይህ ነው። ከእኛ ቤት ልጆቹ እንዝርት ይዘው እንደሚመጡ እናውቅ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ከረፋዱ ላይ ግን እናታችን ከነጠላቸው ሥር አንድ ነገር አውጥተው በጠረጴዛው ላይ፣ ከእንዝርቱ አጠገብ አኖሩት። ይኸውም ማንገቻው የተበጠሰ፣ ጎኑ የተቀደደ፣ ከቆዳ የተሠራ የዳዊት ማኅደር ነበር። የልጅ ልጃቸው እርሳቸው እንደ ነገሯት በትልልቅ ፊደል ጽፋ ከፊቱ ያቆመችው ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «ይህ የዳዊት ማኅደር ነው። የአያቴ ነበር። በየጠዋቱ ይደግሙበት ነበር። ዳዊቱ ተሸጧል። የነገሩኝ እማማ ናቸው።»

ሰው ተሰበሰበ። «ማን ሸጠው? ለማን?» እያለ ልጅቱን ይጠይቃት ጀመር። እርሷም ምንም ሳታውቅ፣ «እኔ እንጃ፤ አባባን ጠይቁ» አለች። እናታችን አንገታቸውን ወደ እኛ መለሱ። አልተቈጡም፤ አልከሰሱንም። ሥርዓቱ የነገረው ሰው ከዕቃው አጠገብ ቆሞ እንዲናገር ስለሚያዝ፣ የሚናገረውን ሰው እየጠበቁ ነበር። እኛም ሦስታችን፣ በተማሪዎቻችንና በጎረቤቶቻችን ፊት ቆመን ተናገርን።

አባታችን ካረፉ ሃያ ዓመት አልፏል። ከአባታቸው የወረሱት የብራና ዳዊት ነበራቸው። የዳዊት መጽሐፍ በአገራችን ሥርዓት 150ውን መዝሙር፣ የነቢያትን ጸሎት፣ መኃልየ መኃልይንና ውዳሴ ማርያምን አብሮ የያዘ ነው። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተወጥሮ፣ ተፍቆና ለስልሶ ብራና እስኪሆን፣ ቁም ጸሐፊው ጥቁሩን ቀለም አዘጋጅቶ፣ ለቅዱሳን ስም ቀዩን ለይቶ ጽፎ እስኪፈጽም ድረስ የወራት ድካም አለበት። አባታችን ባረፉ ጊዜ ተዝካር ማውጣት ነበረብን። ዓመቱ እህል የጎደለበት ነበር፤ የሰው ዓይንም ፈራን፤ «ለአባታቸው ተዝካር ሳያወጡ ቀሩ» እንዳንባል ፈለግን። አሮጌ ዕቃ እየዞረ የሚገዛ አንድ ሰው ወደ ከተማችን መጥቶ ነበረና ዳዊቱን ሸጥንለት። የተቀበልነው ገንዘብ የአንድ በሬ ዋጋ አይሞላም ነበር። ሰውዬው መጽሐፉን ከማኅደሩ አውጥቶ፣ ማኅደሩ የተቀደደ ስለ ሆነ አልፈልገውም ብሎ ጥሎት ሄደ። እናታችን ከመሬት አንሥተው አስቀመጡት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ነገሩ አንድም ቀን አንሥተውብን አያውቁም።

ተዝካርና መዘክር የሚሉት ሁለቱ ቃላት ዘከረ ከሚለው ከአንዱ የግእዝ ግሥ የወጡ ናቸው፤ ትርጓሜውም አሰበ፣ አስታወሰ ማለት ነው። እኛ አባታችንን በአንድ ቀን ድግስ ለማስታወስ ብለን፣ ዘወትር የሚያስታውሰንን ሸጥን። ይህንንም ያወቅነው ዘግይተን ነው። አባታችን በዳዊታቸው መጀመሪያ ባዶ በሆነው ቅጠል ላይ የእኛን የሦስታችንን ልደት፣ ቀኑንና ዓመቱን፣ የክርስትና ስማችንንም ጽፈው ነበር። ያን ጊዜ በባላገር ቤት ሌላ መዝገብ አልነበረም። ከዳዊቱ ጋራ የራሳችንንም ልደት አብረን ሸጥነው። ታላቃችን የተወለደው በ1967 ዓ. ም. እንደ ሆነ ብቻ ያውቃል። ድንቅነሽ ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በኋላ ከመሬት የወጣችበትን ቀን፣ ወሩንም ጭምር በቃሉ ይናገራል፤ እርሱ በዚያው ዓመት ወደ ምድር የመጣበትን ቀን ግን አያውቅም። በመሥሪያ ቤት ቅጽ ላይ የልደት ቀን ሲጠየቅ የሚጽፈው ለጡረታ እንዲመቸው ገምቶ የመረጠውን ነው።

ይህን ተናግረን ስንጨርስ በክፍሉ ውስጥ ጥቂት ጊዜ ጸጥታ ሆነ። እኛ የተማርን ነን በማለት ብዙ ጊዜ ስለ መቅደላ ስንናገር ኖረናል። የእንግሊዝ ጦር በሚያዝያ 1860 ዓ. ም. መቅደላን በያዘ ጊዜ የዘረፈው ሀብት፣ በኋላም ወደ እንግሊዝ አገር ቤተ መዘክር የገቡት ከ300 በላይ የብራና መጻሕፍት እንዲመለሱ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ የዐፄ ቴዎድሮስ ጠጕር እንኳ በ2011 ዓ. ም. ተመልሶ ለብሔራዊ ቤተ መዘክር ተሰጥቷል። ለእኛ ዳዊት ግን የምንከሰው የጦር አዛዥ የለም። በኃይል የወሰደብን ሰው የለም፤ ዋጋ ተነጋግረን፣ ገንዘቡን ቈጥረን የሰጠነው እኛ ነን። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

ከብዙ ዝምታ በኋላ ከሰዎቹ መካከል አንድ አዛውንት፣ «እኔም ዘንድ መጥቶ ነበር፤ ዋጋው ስላነሰኝ ብቻ ነው ያልሸጥሁት» አሉ። ሌላዋ ሴት፣ «እኛ ቤት ያለውን አይጥ ሳይጨርሰው ምን እናድርገው?» ስትል ጠየቀች። በማግሥቱ ሁለት ቤተ ሰቦች የብራና መጽሐፋቸውን ይዘው መጡ፤ ለመስጠት ሳይሆን ለማሳየት። መምህራኑም በእጅ ስልካቸው ቅጠል በቅጠል ፎቶ ግራፍ አነሡት፤ ከእነማን እንደ ወረሱትም በደብተር ተጻፈ። በ1960ዎቹ ዓ. ም. ተጀምሮ ከ9,000 በላይ የሆኑ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በማይክሮ ፊልም እንዲነሡ ያደረገ ታላቅ ሥራ ነበር፤ የእኛ ዳዊት ያ ዕድል አልደረሰውም። ዛሬ ግን ያን የመሰለ ሥራ በትንሹ ለመጀመር በየኪሳችን ያለው መሣሪያ ይበቃል።

ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች፣ በመንግሥት ሥራ ላይ ላላችሁ፣ ለመምህራንና ለተማሪዎች፣ ከዚህ የተማርነውን በአጭሩ እንናገር። የቅርስ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል፤ ዐዋጅ ግን ጨርሶ ባልተመዘገበ ዕቃ ላይ እጁ አጭር ነው። መመዝገብ የሚጀምረው ባለ ዕቃው የያዘውን ሲያውቅ ነው፤ ባለ ዕቃውም የሚያውቀው ልጁ ሲጠይቀው ነው። ስለዚህ ሕንፃ እስኪሠራ፣ በጀት እስኪመጣ፣ ከላይ እስኪታዘዝ አንጠብቅ። አንድ ክፍል፣ አንድ ደብተር፣ አንድ ቅዳሜ ይበቃል። ዕቃው ከባለቤቱ ቤት ሳይወጣም ሊታይ ይችላል፤ ከሁሉ የሚያስቸኩለው ዕቃውን መሰብሰብ ሳይሆን የሚያውቀውን ሰው መስማት ነው። እንዝርቱ ሌላ መቶ ዓመት ይቆይ ይሆናል፤ የፈተሉበት እጆች ግን አይቆዩም።

ትርዒቱ ሲፈጸም ትምህርት ቤቱ ማኅደሩን በማስታወሻነት እንዲሰጡት እናታችንን ለመነ። እርሳቸውም፣ «ለዓመቱ አመጣዋለሁ፤ ዛሬ ግን ሥራ አለበት» ብለው ይዘውት ወደ ቤት ተመለሱ። ማታ እህል ከተቀመሰ በኋላ የልጅ ልጃቸውን አዲስ ደብተር አስመጥተው እየነገሩ አስጻፏት። የታላቃችንን ልደት፣ «የመሬት ዐዋጅ በተነገረ በሳምንቱ፣ በዐቢይ ጾም፣ በዕለተ ሐሙስ» አሉ። የሁለተኛችንን፣ «በጥቅምት ጊዮርጊስ ማግሥት፣ ጤፉ ገና ሳይታጨድ» አሉ። የሦስተኛችንን ሲያስቡ ብዙ ቆዩ፤ «ወሩን እንጃ፤ ዝናብ ነበረ፤ አባታችሁ ዳዊቱ ላይ ጽፎት ነበር» ብለው ዝም አሉ። ልጅቱም «እንጃ» የሚለውን ቃል ሳትቀር እንደ ተናገሩት ጻፈችው።

ደብተሩ ለማኅደሩ ልክ አይደለም፤ ሰፋ ስለሚል ጎኑ በተቀደደው በኩል ብቅ ይላል። ማኅደሩ ግን ከነደብተሩ በእናታችን ቤት፣ አባታችን ዳዊታቸውን ይሰቅሉበት በነበረው ችካል ላይ ተሰቅሏል። ከልጆቻችን አንዱ በተወለደ ጊዜ፣ ወይም ከቤታችን ሰው በተለየን ጊዜ፣ እየወረደ ይጻፍበታል። የግንቦት 10 ቀንም ሲደርስ፣ እናታችን ከነጠላቸው ሥር ይዘውት ወደ ትምህርት ቤቱ ይሄዳሉ።